«እንኳን ደህና» ላይ የቆመው ግድግዳ

ጥቅምት 6

ለታናሽ እህቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ባለፈው ደብዳቤሽ «የፊደሎችህ እግር ተንቀጥቅጧል፤ አሞሃል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። መልሱ ይኸው፦ እኔ ደህና ነኝ። ይህን ቃል የጻፍኩት ክርኔን ጠረጴዛው ላይ አስደግፌ ነው፤ ቀጥ ብሎ መቆሙን ተመልከቺ።

ትንሽ ትኩሳት አለኝ። ከሰዓት በኋላ ይመጣል፣ አንሶላውን አርጥቦ ይሄዳል። ክረምቱ ጥሎብኝ የሄደ ብርድ ነው። ከስቷል ብለው የጻፉልሽ ሰዎች ደግሞ የራሳቸውን ሆድ ቢያዩ ይሻላቸው ነበር።

ስለ ጥርሱ የሰማሽው እውነት ነው። ራሴ ነቀልኩት። ፒንሳ አለኝ፣ መስታወት አለኝ፣ እጅ አለኝ። ሰው ፊት አፌን ከፍቼ የምጋደምበት ምክንያት አልታየኝም። ድዱ መግል ቋጥሮ ነበር፤ በጨው ውሃ ተጉመጠመጥኩ፣ አለፈ። ታፔላ መጻፍ ማን አስተማረኝ? ማንም። ቀለም መበጥበጥ፣ እንጨት መላግ፣ ፊደል ከፊደል ማመጣጠን ማን አሳየኝ? ማንም። ጥርስ ከዚህ ሁሉ አይከብድም።

ይልቅ ያናደደኝ ሌላ ነው። ጥፍሬ ስር ቀይ ቀለም ገብቶ አልወጣ አለኝ። እንደ ስንጥር የቀጠኑ መስመሮች ናቸው። በአኳራጅ አሸሁት፣ በቤንዚን አሸሁት፣ በብሩሽ ፈተግሁት። አኳራጅ ያላስለቀቀው ቀለም በዕድሜዬ አላየሁም። የሚገርመው፣ ቀይ ቆርቆሮ ከከፈትኩ ቆይቻለሁ፤ አሁን የያዝኩት የመናኸሪያው ግድግዳ ሰማያዊ ነው።

ግድግዳው ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ነው፤ መንገደኛ ከአውቶቡስ ሲወርድ መጀመሪያ የሚያየው። አንዱ ፊደል ከእኔ ቁመት ይበልጣል። «እንኳን ደህና» ድረስ ደርሻለሁ፤ «መጣችሁ» ይቀራል። መሰላል ስወጣ ትንፋሽ እያጠረኝ ለጊዜው አቁሜዋለሁ። ሥራ አስኪያጁ «የፕላስቲክ ባነር አሳትሜ ልስቀልበት» አለኝ። «ግድግዳዬን ብትነካ...» አልኩት። ቀሪውን አልጨረስኩለትም፤ ገብቶታል።

የአውቶቡስ ረዳቶቹም መቀለጃ አድርገውኛል። «ጋሽ ቀጥ በሉ፣ እንኳን ደህና ምን? ዋላችሁ ነው፣ ሰነበታችሁ ነው? ወይስ ደክሞዎት ነው?» ይሉኛል። ይህን ቅጽል ያወጡልኝ፣ ታፔላ አጣመው ሲያንጠለጥሉ «ቀጥ በሉ» እያልኩ ስለምጮህባቸው ነው። ደክሞኝ አይደለም።

አትምጪ። የሚያስመጣ ነገር የለም።

ወንድምሽ

ጥቅምት 15

ጋሼ፣

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ አቆይልኝ።

ትናንት የደረሰኝ ደብዳቤህ ላይ፣ ቀኝ ክንድህ በሚታጠፍበት ቦታ እብጠት ወጣ ብለሃል። የሎሚ ያህል ብለሃል። ጣትህን ስታሳርፍበት ይመታል ብለሃል። ከዚያ ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው ተረጋግተህ «ቅዳሜ ምላጭ አግዬ አፈርጠዋለሁ፤ ምን ይመስልሻል?» ብለህ ጠይቀኸኛል።

ምን እንደሚመስለኝ ልንገርህ። ደብዳቤህን ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ከእጄ ወስዳ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ስለ ጥርሱም፣ ስለ ትኩሳቱም፣ ስለ ጥፍርህም ጠየቀችኝ። ከዚያ «እማማ፣ ብጉንጅ ይጠዘጥዛል እንጂ እንደ ልብ አይመታም። የሚመታ እብጠት ደም ስር ሊሆን ይችላል። ፖስታ አይጠብቁ፤ አሁኑኑ ሰው ይላኩ» አለችኝ።

ስለዚህ ፖስታ አልጠበቅኩም። አንተ ስልክ አልይዝም ብለህ ብትቀመጥም፣ ጎረቤትህ ብረት በያጁ ይይዛል። ደወልኩለት። ይህን ስታነብ ምላጮችህ በሙሉ፣ የቀለም መፋቂያህም ሳይቀር፣ እሱ ዘንድ ይሆናሉ። አንተም ሆስፒታል ትሆናለህ። እንቢ ካለ ተሸክመኸው ሂድ ብዬዋለሁ። «ከባድ ነው እንዴ?» አለኝ። «የሚከብደው አፉ ነው፤ ሌላው ቀሏል» አልኩት።

ተቆጣኝ። ብቻ በሕይወት ሆነህ ተቆጣኝ።

እህትህ

ጥቅምት 24

ለታናሽ እህቴ፣

ሰላምታ አይገባሽም ነበር፤ ይኸው ግን፣ ሰላም ላንቺ። ብረት በያጁ በሰፈር ሰው ፊት እንደ ሲሚንቶ ከረጢት ትከሻው ላይ አድርጎኝ ነው የወጣው። የዳቦ መሸጫዋ ሴትዮ ሳይቀር በር ከፈተችለት። ምላጮቼንም እስካሁን አልመለሰም።

«ምን አገኙብህ?» ላልሽው በአጭሩ እጽፋለሁ፤ ጣቶቼ ደንዝዘዋል። አውራ ጣቴና ጠቋሚው ብዕር ይዘው እንዳልያዙ ናቸው። ዓይኔን ካነሳሁ ብዕሩ ይወድቃል።

የተቀበለችኝ የደም ስር ቀዶ ሐኪም ወጣት ሴት ናት። መጀመሪያ ያየችው ክንዴን ሳይሆን ጥፍሬን ነው።

«አባባ፣ ይሄ ቀይ ምንድን ነው?»

«ቀለም ነው። በአኳራጅም አልለቅ ብሏል።»

ጣቴን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ አየች። «አይለቅም» አለችኝ። «ከውስጥ ነው። ደም ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥርሴ በኩል የገባ ባክቴሪያ በደም ተጉዞ ልቤ ውስጥ ካሉት በሮች አንዱ ላይ ተጣብቆ ጎጆ ሠርቷል። የልብ በር ቫልቭ ይባላል። ከዚያ ጎጆ ፍርፋሪ እየተቆረሰ ከደሙ ጋር ይሄዳል። ደቃቁ ጥፍሬ ስር ቀረ። አንዱ ተለቅ ያለ ግን ክንዴ ላይ፣ ደም ስሩ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ተቀረቀረና ግድግዳውን ከውስጥ በላው። የሳሳው ግድግዳ በየልብ ምቱ እየተነፋ ፊኛ ሆነ። ፊኛው ደግሞ የጣቶቼን ነርቭ ተጭኗል። ምላጭ ላግልለት የነበረው ይኸው ነው። ሐኪሟ «ቅዳሜ ቢወጉት እሑድን አያዩም ነበር» አለችኝ። ይህን የምጽፈው ልክ ነበርሽ ለማለት አይደለም፤ ስለጠየቅሽኝ ነው።

ልብ እንዲህ ሲታመም አይታለች፤ ክንድ ላይ እንዲህ ሲወጣ ግን በመጽሐፍ እንጂ በዓይኗ አላየችም። ተማሪዎች ቡድን ቡድን ሆነው እየመጡ ክንዴን ያነባሉ። ታፔላ ሆኛለሁ።

የልብ ሐኪሙ በመሣሪያ አይቶኝ «ልብዎ አላበጠም፤ ያበጠው ደም ስሩ ነው» አለኝ። አጠገቤ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር እግሩን ተሰብሮ ተኝቷል። «ዶክተር፣ መሣሪያው ተበላሽቷል» አለ። «የዚህ ሰውዬ ልብ ካላበጠ የማን ልብ ሊያብጥ ነው? እኔ አብሬው የተኛሁት ልንገርህ።» ሐኪሙ ሳቁን በወረቀት ሸፈነ። እኔ አልሳቅኩም።

መድኃኒቱ በደም ስሬ ሲንጠባጠብ ይውላል፣ ያድራል። እሱን ተቀብያለሁ። ቀዶ ጥገናውን ግን እንቢ ብያለሁ። ያበጠውን ቆርጠው አውጥተው፣ በቦታው ከእግሬ ደም ስር ወስደው ሊቀጥሉበት ነው። «እጄ እንደነበረ ይሆናል?» ብዬ ጠየቅኋት። «ካልተሠራ ይፈነዳል፤ ይህን አውቃለሁ። ከተሠራ ግን እንደነበረ ይሆናል ብዬ ቃል አልገባም» አለችኝ። ስላልዋሸችኝ አከበርኳት። ቃል ለሌለበት ነገር ግን ቀኝ እጄን አልሰጥም። የእግር ነገር ለእግር ነው የተሠራው። ፊደል የማይጽፍ እጅ ይዤ ከምወጣ እብጠቴን ታቅፌ እተኛለሁ።

አትምጪ።

ወንድምሽ

ኅዳር 1

ጋሼ፣

ሰላም ላንተ። ለሹፌሩም ሰላም በልልኝ፤ ሳላየው ወድጄዋለሁ።

ከዚያ አስከትለህ በላክልኝ አጭር ደብዳቤ «አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?» ብለሃል። መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩት። ምላጭ ስታግል እንኳ የጠየቅከኝ ልታሾፍብኝ ነበር፤ እንዲህ ከልብህ ስትጠይቀኝ ግን የመጀመሪያህ ነው። ስለዚህ አስቤ ነው የምመልስልህ።

ቡናማው ኮትህ ትዝ ይልሃል? ክርኑ አልቆ ቀዳዳ ወጣበት። እኔ ያኔ ልብስ ስፌት የጀመርኩ ሰሞን ነበር። ያንን ጨርቅ የሚመስል ፈልጌ፣ ሱቅ ለሱቅ ዞሬ አጣሁ። የተገኘውን ብጥፍበት ደግሞ አንተ አትለብሰውም፤ «ይሄ የእኔ ኮት አይደለም» ብለህ ጥግ ትወረውረዋለህ። ከታች፣ ወደ ውስጥ ከታጠፈው ጠርዝ ላይ ቆረጥኩና ክርኑን ቀጠልኩት። የራሱ ጨርቅ ነው፤ አብሮ ታጥቧል፣ አብሮ ደብዝዟል፣ አብሮ ለስልሷል። ኮቱ ከታች ትንሽ አጠረ፤ ያየ ሰው የለም። አንተም እስኪያልቅ ለበስከው። የትኛው ክርን እንደሆነ እስከ ዛሬ አታውቅም።

እግርህ ጠርዝህ ነው ጋሼ። ትርፍ የታጠፈበት ቦታ ነው። ባዕድ ነገር ሊያስገቡብህ ቢሆን እኔም ካንተ ጋር እንቢ እል ነበር። እነሱ ግን የሚጥፉህ በራስህ ነው።

ሐኪሟ ቃል አልገባችም አልክ። እኔም ለኮቱ ቃል አልገባሁም። መቀሱን ግን አንስቻለሁ።

አሁን የኔ ፈንታ። በየደብዳቤው አትምጪ ትለኛለህ። እሺ፣ አልመጣም። ሆስፒታል አልመጣም፤ ለቅሶም ቢሆን አልመጣም፣ ቁርጡን እወቀው። የምመጣው ግድግዳህን መልሰህ ይዘህ፣ በራስህ እጅ «ነይ» ብለህ የጻፍክልኝ ቀን ነው። ከአውቶቡስ ወርጄ «እንኳን ደህና» ብሎ መሀል ላይ የሚያቋርጠኝ ግድግዳ ማየት አልፈልግም። እልህ ያንተ ብቻ መሰለህ እንዴ? የወለደችን አንዲት እናት ናት።

እህትህ

ኅዳር 12

ለታናሽ እህቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ይህ ጽሑፍ የእኔ አይደለም። እኔ እናገራለሁ፣ ሹፌሩ ይጽፋል። ፊደሉ ጭነት እንደበዛበት አውቶቡስ ወደ ግራ ስለሚያጋድል ይቅርታ አድርጊለት። (አያጋድልም። ሹፌሩ።)

«ተሠራህ ወይ?» ላልሽው፣ ተሠርቻለሁ። ኮቱን አስቤ ነው እሺ ያልኩት። ግራው ክርን ይመስለኛል። በቀጠሮዬ ቀን ገባሁ፣ በሰላም ወጣሁ፣ ሌላ የሚነገር ነገር የለም። (በቀጠሮው ቀን አይደለም እህቴ። እሺ ባለ ማግስት፣ ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ክንዱ እያየነው አብጦ ጠቆረ። እብጠቱ ውስጥ ለውስጥ መድማት ጀምሮ ነበር። ፊቱ እንደ ወረቀት ነጣ። ነርሶቹን ጮኬ የጠራሁት እኔ ነኝ። አልጋውን በሩጫ ገፍተው ወሰዱት።)

ብዙ እየጻፍክ ነው። እኔ ይህን ያህል አልተናገርኩም። (የምጽፈው በዝግታ ስለሆነ ነው አልኩት።)

ሐኪሟ ከእግሬ በውስጥ በኩል ያለውን ደም ስር ወስዳ ቀጠለችው። እጄ ሞቅ ብሏል። አንጓዬ ላይ ይመታል፤ ነርሷ በጠዋት መጥታ ጣቷን ታሳርፍና «አለ» ትላለች። እኔም «የት ይሄዳል?» እላታለሁ። (የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ ሲደርሱ ለሐኪሟ ያላትን ሳልነግርሽ አላልፍም። ደሙ ውስጥ ለውስጥ እየፈሰሰ፣ ዓይኑን መግለጥ አቅቶት፣ «ስፌቱን ቀጥ አድርጊው» አላት። እሷም «እሺ፣ ጋሽ ቀጥ በሉ» አለችው። ስሙን የነገርኳት እኔ ነኝ።)

ጣቶቼ ደህና ናቸው። (ጣቶቹ ማንኪያ አይጨብጡም። ትናንት ማንኪያው ደጋግሞ ወደቀበትና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። ዛሬ ጠዋት ግን አውራ ጣቱ ተነቃነቀ። ለሁላችንም አሳየን። ለጽዳት ሠራተኛዋ ሁለት ጊዜ አሳያት።)

ስለ ግድግዳው ለጠየቅሽው፣ ሥራ አስኪያጁ ባነሩን ሰቅሎበታል አሉ። ስሰማ ምንም አልመሰለኝም። (ምንም ያልመሰለው ሰው ትራስ አይወረውርም። ያረፈው እኔ ላይ ነው።)

መድኃኒቱ ገና ይቀረዋል። አትምጪ አልልሽም፤ አልመጣም ብለሻል።

ወንድምሽ፣ በሰው እጅ

(ደብዳቤ መጻፍ ደስ ይላል። ሹፌሩ።)

ኅዳር 23

ጋሼ፣

ሰላም ለሁለታችሁም። በሹፌሩ በኩል በሹክሹክታ የጠየቅከኝን ይኸው ልኬልሃለሁ። የስፌት ጠመኔ ነው፤ ጨርቅ ላይ የማሰምርበት። ጠፍጣፋና ወፈር ያለ ስለሆነ የደነዘዘ ጣትም ይይዘዋል። ለምን እንደፈለግከው አልጠይቅም።

አንሶላቸው ላይ እንዳትጽፍ። እንደምትጽፍ አውቃለሁ። ሲቆጡህ በውሃ ይለቃል በላቸው።

ደህና ነህ ብሎ የጻፈልኝ ሹፌሩ ነው። አንተ ገና አልጻፍክልኝም። እየጠበቅኩ ነው።

እህትህ

ታኅሣሥ 26

ለታናሽ እህቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ደህና ነኝ።

መነጽርሽን አድርጊና አንዴ ድገሚው። ደህና ነኝ። የ«ነ»ን እግር ተመልከቺ። ሹፌሩ አልጻፈውም፤ ክርኔንም የትም አላስደገፍኩም።

«ጨረስክ ወይ?» ላልሽው መድኃኒቱ አልቋል። ደሜን ደጋግመው መርምረው ባክቴሪያ አጡበት። የልቤ በር ትንሽ ያፈሳል እንጂ ይዘጋል፤ እየተመላለስኩ ያዩኛል። ጥርሴንም ከእንግዲህ የሚነካው የጥርስ ሐኪም ብቻ እንዲሆን የልብ ሐኪሙ ቃል አስገብቶኛል። ፒንሳውን ለብረት በያጁ ሰጠሁት። እሱም ምላጮቼን መለሰ።

ሐኪሟ ስታሰናብተኝ ተማሪዎቿን ሰብስባ አንጓዬን አስያዘቻቸው። ተራ በተራ እየያዙ ሁሉም «አለ» አሉ። ከዚያ እኔ ጠመኔሽን አወጣሁና በጥቁር ሰሌዳቸው ላይ «አለ» ብዬ ጻፍኩላቸው፤ ትልቅ አድርጌ፣ ቀጥ አድርጌ። ሐኪሟ እንዳይጠፋ ብላለች። አንሶላ ላይ ስንት ቀን ተለማምጄ እንደደረስኩበት አልነገርኳትም። እሷ ግን የልብስ እጥበት ክፍሉ ሰዎች ስሞታ ነግረዋት ኖሮ ሁሉንም ታውቃለች።

አሁን ስለ ባነሩ። ይህን ለመጻፍ ከሁሉ በላይ ቸኩያለሁ። ሹፌሩ ከእኔ ቀድሞ ወጥቶ፣ «ቀደምኩት» እያለ እየፎከረ፣ በማግስቱ በክራንች መናኸሪያ ሄደ። ባነሩን ቀና ብሎ አየው። ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ አበባም አለበት። የተጻፈው ግን «እንካን ደህና መጣችሁ» ነው። እንካን። ይህን ሁሉ ሳምንት ተሰቅሎ፣ ስንት የተማረ ሰው ከሥሩ አልፎ፣ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። ሹፌሩ ክራንቹን አንስቶ ጮኸ፦ «እንካ ብላችሁ ምን ልትሰጡን ነው?» ረዳቶቹ ያዙት። አውቶቡስ በገባ ቁጥር እጃቸውን ዘርግተው በባነሩ ሥር ይሰለፉ ጀመር። ሥራ አስኪያጁ ራሱ መሰላል ላይ ወጥቶ አወረደው።

ከዚያ ቤቴ ድረስ መጣ። «ጋሼ፣ ግድግዳው ይጠብቅዎታል» አለኝ።

«እኔ መቼ ጠብቀኝ አልኩት?» አልኩት። ብሩሾቼን ግን አስቀድሜ አጥቤ ነበር።

ሐኪሟ ከባድ እንዳላነሳ ስለከለከለችኝ ቆርቆሮውን ብረት በያጁ ያቀብለኛል። ብሩሹን ግን እኔ እይዛለሁ። አውራ ጣቴ አሁንም ቶሎ ይደክማል፤ ሲደክም ወርጄ እቀመጣለሁ፣ ሲሞቅ እወጣለሁ። «መ»ን እንዲህ ጨረስኩ። «ጣ»ን እንዲህ ጨረስኩ። ወርጄ እስከ በሩ ድረስ ወደ ኋላ ሄጄ አየሁት። ካቆምኩበት በፊት ያለውና በኋላ ያለው አይለይም። እኔ ጻፍኩት እንጂ እኔም ቦታውን ልለየው አልቻልኩም። ክርኑ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

ሹፌሮች ሞተር አጥፍተው ቆመው ነበር። ከረዳቶቹ አንዱ አላስቻለውም።

«ጋሽ ቀጥ በሉ፣ እንኳን ደህና መጣ ብለው ቆሙ። ማን ነው የመጣው?»

ቀኝ እጄን ከነብሩሹ ከፍ አድርጌ አሳየሁት።

«እሱ» አልኩ።

ያን ጊዜ ያጨበጨቡት መንገደኞች ነገሩን የሚያውቁ አልነበሩም። ከአውቶቡስ ገና እየወረዱ ነበር። ጭብጨባውን ግን ተቀብያለሁ። ለማን ልመልሰው?

ነይ። ይኸው ጻፍኩት።

በቅዳሜው አውቶቡስ ነይ። ከ«ጣ» ቀጥሎ «ችሁ» ይቀራል፤ አንቺ እስክትደርሺ አልጽፈውም። በቦታው ለአንድ ቀን «ሽ» ይቆማል። ዙሪያውን በጠመኔሽ አስምሬዋለሁ፤ ቀለሙ ቀይ ነው። ሥራ አስኪያጁ «ይሄ ሁሉ ግድግዳ ለአንድ ሰው ነው እንዴ?» አለኝ። አዎ አልኩት። እሑድ ለሌላው ሰው ይሆናል።

ከአውቶቡስ ስትወርጂ መጀመሪያ ግድግዳውን እስከ መጨረሻው አንብቢ። ከዚያ መጥተሽ ቀኝ እጄን ጨብጪው፤ ጠበቅ አድርገሽ ያዢው፣ ምንም አይሆንም። ጥፍሬ ስር ቀይ ብታዪ እንዳትደነግጪ። ይኼኛው ቀለም ነው።

ወንድምሽ